እህትህ ፖሊስ ጋ እንዳትሄድ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ አካባቢ ነው። ሰው ገጠመኝ ብሎ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የደነገጠበትን ወይ የሳቀበትን ነው። እኔ የምጽፈው ያቅለሸለሸኝን ነው። ዛሬም የሎስ አንጀለስ ሐበሾች በሚሰበሰቡበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ በአንድ ምግብ ቤት በር ባለፍኩ ቁጥር ቋቅ ይለኛል። የምግቡ ጥፋት አይደለም። ምግቡማ ይጣፍጣል፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። ለእነሱ ክብር ብዬ አይደለም፤ ልጆቻቸው ምን አጠፉ ብዬ ነው።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ ነው፤ ከፒኮ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሰናይት የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ፤ አስተማሪ ናት። የልቧ ቫልቭ ተበላሽቶ ሕንድ አገር ሄዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት ተባለ።

ያን ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ሕንድ ሲባል ሰው አፍ ላይ የሚመጡት ጋሼ ታፈሰ ነበሩ። ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመምና የባህል ልብስ ሱቅ አላቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክ ከሸሪኩ ሲካካድ፣ አስታራቂው እሳቸው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ሰለሞን ዴልሂ ተምሮ እዚያው የቀረ ነው። ከአገር ቤት የሚመጡ ሕመምተኞችን ኤርፖርት ይቀበላል፣ ገስት ሃውስ ያሳርፋል፣ ሐኪም ቤት ያስተረጉማል።

"ወንድሜ አለልህ፤ አይዞህ። እንደ እህቱ ነው የሚያያት" አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ከንፈሬን በሳሙና መታጠብ ያምረኛል።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ፤ ተመስገን። ሰናይት የደረቷ ስፌት ገና እየጠዘጠዛት፣ በስልክ እየሳቀች ታወራኝ ጀመር። "ከባድ ዕቃ እንዳታነሺ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ እንኳን ቢሆን" ተብላለች። የመመለሻዋም ቀን ደረሰ።

አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ለብሬክ ወጥቼ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እነሱ ጋ መሽቷል። ድምፅዋ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ነው የሰማኋት።

"ደሬ፣ ፓስፖርቴን አልሰጥም አለኝ።"

ሰለሞን ፓስፖርቷን የወሰደው ገና በደረሰች ቀን ነበር፤ ለሐኪም ቤት ምዝገባ ያስፈልጋል ብሎ። ሁሉም ሕመምተኛ ይሰጠዋል። የሰው አገር ገብቶ የታመመ ሰው ምን ብሎ ይከለክላል? አሁን ልትመለስ ስትል አንድ ሻንጣ ይዞ መጣ። "የሕፃናት ልብስ ነው፤ ይዘሽልኝ ሂጂ። መንገድ ላይ አውሮፕላን ስትቀይሪ አንድ ሰው ይቀበልሻል። ፓስፖርትሽን ነገ ኤርፖርት በር ላይ እሰጥሻለሁ" አላት።

እህቴ ሞኝ አይደለችም። እሱ ሲወጣ ልብሱን በሙሉ አልጋ ላይ አወጣችው። ከዚያ ባዶውን ሻንጣ ጎተት ልታደርገው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም።

"ባዶ ሻንጣ ምን ያከብደዋል?" አለችኝ።

ሽፋኑ ውስጥ ዕፅ ሰፍተውበታል ማለት ነው። ሻንጣውን ይዛ ከተነሳች የሚጠብቃት እስር ነው። አልይዝም ካለች ፓስፖርት የለም። የሕክምና ቪዛዋም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ያለ ፓስፖርትና ያለ ቪዛ፣ በተሰፋ ደረት፣ ማንንም በማታውቅበት አገር መቅረቷ ነው። ይባስ ብሎ ሰለሞንን ጠርታ "ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ" ብላዋለች። ሳቀባት። "የማን አገር ፖሊስ? ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ?" ብሏት ወጣ።

መጀመሪያ የደወልኩት እዚሁ ለሎስ አንጀለስ ፖሊስ ነው። ያነሳችው ሴት በደንብ ሰማችኝና ወንጀሉ እዚያ ስለተፈጸመ ማመልከት ያለባት እህትህ ናት፣ እዚያው፣ አለችኝ። ኦኬ ብዬ የሕንድ ፖሊስ ቁጥር ፈለግኩ። 100 ይላል። ከካሊፎርኒያ ሆኜ 100 ብዬ ደወልኩላችሁ! እንኳን ዴልሂ ሊገባ፣ ጭራሽ አይጠራም። ሰው ሲናደድ ይሞኛል።

አጠገቤ ቁርሷን የምትበላው ሺባ ነበረች። ሺባ የፎቃችን ነርስ ናት፤ ሕንዳዊት። አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ዴልሂ ሐኪም ቤት ሠርታለች። "ማን ሞቶብህ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ቁርሷን ከደነችው።

"ያ ቁጥር የሚሠራው አገሩ ውስጥ ላለ ሰው ነው" አለችኝ። "እህትህ ጠዋት በአካል ጣቢያ ትሂድ። የሆነውን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ጽፋ ትያዝ፤ መቼ ፓስፖርቱን ወሰደ፣ ምን አላት፣ ሻንጣው የት ነው ያለው። ሴት ፖሊስ ትጠይቅ። ከዚያ ኤፍ አይ አር ክፈቱልኝ ትበል። የወንጀሉ መዝገብ ማለት ነው። ቅጂውን በነፃ ሊሰጧት ግዴታቸው ነው።"

ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "ስማኝ፤ 'ይህ የእኛ ቀጠና አይደለም፣ ሌላ ጣቢያ ሂጂ' ሊሏት ይችላሉ። ከወንበሯ እንዳትነሳ! የትም ይፈጸም የት፣ መዝግበው ወደሚመለከተው መላክ የእነሱ ሥራ ነው። ስትሄድ ደውሉልኝ፤ እኔ ሂንዲ አወራላታለሁ።"

ወዲያው ለሰናይት ደውዬ የነገረችኝን አንድ በአንድ አስጻፍኳት። ከዚያች ቀን በፊት ከሺባ ጋር ስለ ሺፍት ካልሆነ በቀር አውርተን አናውቅም ነበር።

ከሥራ ልወጣ ስል ጋሼ ታፈሰ ደወሉ። "ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ" አሉኝ፤ ሰላምታም የለ። "ሽማግሌ ጠርቻለሁ። አሁኑኑ ፌርፋክስ፣ ሱቄ አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ና። ብቻ አደራህን፣ እስከዚያ እህትህ ፖሊስ ጋ እንዳትሄድ።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ዴልሂ ገና ሊነጋ ነው፤ ጣቢያ መሄጃዋ ሰዓት አልደረሰም። ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ደውለው ያንን ባለጌ አንገቱን ያስደፉልኛል ብዬ እየበረርኩ ሄድኩ። ፌርፋክስ እንደ ልማዱ ፓርኪንግ የለም፤ ሦስቴ ዞሬ ጎን መንገድ ላይ ፓርክ አደረግኩ።

ስገባ ምግቡ ቀርቧል። ከጋሼ ታፈሰ ሌላ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አንደኛው ጋሼ መርሻ ናቸው፤ ጡረተኛ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሆዳቸውን የሚወዱ። ሌላኛው ለጉርሻ ካልሆነ አፋቸውን ሲከፍቱ አላየሁም። ክትፎና ጥብስ፣ ጎመንና አይብ፣ ጠረጴዛው ሞልቷል። "በባዶ ሆድ እርቅ የለም፤ መጀመሪያ እንብላ" አሉ ጋሼ ታፈሰ። መረቁ። አሜን አልኩ። መብላት ግን አቃተኝ።

"ልጅ ደረጀ" አሉ ጋሼ ታፈሰ፣ "ወንድሜ አጥፍቷል። አጥፍቷል፣ አልኩህ። እህትህም ታላቋን ሰው ሌባ ብላ ተናግራዋለች። ሁለቱም ይቅር ይባባሉ።"

"ጋሼ፣ ሻንጣው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ታዲያ ይደውሉና ይጠይቁት።"

"አየህ፣ ነገር ስታከርር" አሉኝ። ከዚያ የእርቁን ነገር አወጡት። ለዛሬ ብቻ ትያዝለት። ፓስፖርቷን ኤርፖርት ሳይሆን ገስት ሃውሱ ውስጥ አስቀድሞ ይስጣት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይለምደው እሳቸው ይመክሩታል። "እኔ ዋስ ነኝ" አሉ፣ ደረታቸውን መታ መታ እያደረጉ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። የራሳቸውን ደረት ሲመቱ የታየኝ የእህቴ ደረት ነው፤ ከላይ እስከ ታች የተሰፋው።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ብትሆን ያስይዟት ነበር?" አልኳቸው።

ጋሼ መርሻ ነገሩን ሊያበርዱ ገቡ። እንጀራ እየጠቀለሉ፣ በደግነት ነው የሚያወሩት፤ እሱ ነው የሚዘገንነው። "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ሆድ ይፍጀው በል። የሀበሻን ገበና ለሕንድ ፖሊስ አውጥተህ ልትሰጥ ነው? አንተ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለህ። የዚያችን ሴትዮ ነገርም እዚችው ጠረጴዛ ላይ ነው የጨረስነው። የአክስቷ ልጅ፣ ያ የሎንግ ቢቹ፣ እንዳንተው ፖሊስ፣ ፖሊስ ሲል ነበር። ለምነነው እሺ አለ። ክትፎ በልተን ተመራርቀን ተለያየን።"

"መርሻ!" አሉ ጋሼ ታፈሰ።

"የቷ ሴትዮ?" አልኩ።

ያ ዝምተኛው ሽማግሌ እንኳ ማኘክ አቆሙ።

"ጋሼ መርሻ፣ የቷ ሴትዮ ናት?"

"አንዲት… ለጡቷ ሕክምና የሄደች ሴት ነበረች። ሰለሞን ጋ ያረፈች።"

"እና ምን ሆነች?"

"ምን ትሆናለች፤ ፓስፖርቷን ሰጣት። ሻንጣውን ያዘችለት።"

"ከዚያስ?"

ጉርሻቸውን ዋጡ። "መንገድ ላይ ያዟት አሉ። ታስራለች አሉ። የት አገር እንደሆነም እንጃ።"

እኔ ግልፍተኛ ነኝ። የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ፤ ለፓርኪንግ ከሰው የምጣላ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን አልጮህኩም። ሦስቱን አየኋቸው። ጣታቸው ላይ ቅቤ ያብረቀርቃል። ያቺን ሴት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የላኳት። ጡቷን ታማ ሄዳ፣ ሻንጣ አስይዘዋት፣ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ "እግዚአብሔር ይባርክህ" ተባብለው ወደየቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ጋሼ ታፈሰ ሱቃቸውን ከፈቱ። ለእኔም "ወንድሜ አለልህ" አሉኝ።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁት።

"ጠገባችሁ?" አልኳቸው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ተነስቼ ወጣሁ።

ጋሼ ታፈሰ አስፋልቱ ዳር ደረሱብኝ። "ስለ እግዚአብሔር! ስለ እናትህ!" እያሉ ጉልበቴን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። መቼም በእኛ ባህል ሽማግሌ ጉልበትህን ከያዘ አለቀ፤ እሺ ከማለት ሌላ መንገድ የለም። ያ የሎንግ ቢቹ ልጅም እንዲሁ ተይዞ ይሆናል። እኔ ግን እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ዘለልኩ። ምግብ ቤቱ የሚገባው ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። ምን ዓይነት ባለጌ ነው ሽማግሌ መሬት ላይ ጥሎ የሚሄድ፣ ሳይሉኝ አልቀሩም። ይበሉ!

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለሰናይት ደወልኩላት። እዚያ ነግቷል። ስለ ሴትዮዋ ነገርኳት። "ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ነጠላዬን ልልበስ" አለችኝ። ባጃጅ ይዛ ሄደች። ስልኩን እንዳትዘጋው ነገርኳት፤ ሺባንም አስገባኋት። ፌርፋክስ ጎን መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ የዴልሂን ጡሩምባ እሰማለሁ።

ልክ ሺባ እንዳለችው ሆነ። በር ላይ ያለው ፖሊስ ገስት ሃውሱ የት እንደሆነ ጠየቃትና "የእኛ ቀጠና አይደለም" አላት። አልሄድም አለች። ጠብቂ አላት። ጠበቀች። ሌላው መጣና ወረቀቷን አየት አድርጎ "ሰውየው የአገርሽ ሰው ነው አይደል? እርስ በርሳችሁ ለምን አትስማሙም?" አላት።

እህቴ በሕይወቷ ሰው ተቆጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። "ለስምምነቱማ ሎስ አንጀለስ ተሰብስበውልኛል!" ብላ በአማርኛ ስትጮህ ሰማኋት። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ "ሴት ፖሊስ ጥሩልኝ። ከዚህ ወንበር የምነሳው የመዝገቤን ቅጂ ይዤ ነው" አለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ አቀበለችው። ሺባ በሂንዲ ያዘችው። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ሂንዲ አልችልም። ቁጣ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ የሴት ድምፅ መጣ፤ ወንበር ተሳበ፤ ውሃ አምጡላት ተባለ። መመዝገብ ጀመሩ።

ሴት ፖሊሷ ጠንቃቃ ነበረች። ሁሉንም ጠየቀቻት። መጨረሻ ላይ "ከአንቺ በፊት እንዲህ የተደረገባት ሰው አለች?" አለቻት።

"አለች" አለች ሰናይት። "አንዲት ሴት።"

"ስሟ ማን ነው?"

ሰናይት "ደሬ?" አለችኝ። አላውቅም። አልጠየቅኩማ! ከዚያ ጠረጴዛ ስነሳ ለመጠየቅ አላሰብኩም። የሥራ ስልኬን አውጥቼ ጋሼ መርሻ ጋ ደወልኩ፤ አላነሱም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ ሰናይትን ይዘው ገስት ሃውስ ሄዱ። የሻንጣው ሽፋን ሲቀደድ ከውስጡ የወጣው የሕፃን ልብስ አልነበረም። ሰለሞን ክፍል ውስጥ የሌሎች ሐበሾች ፓስፖርት ተገኘ፤ የእህቴም ከመካከላቸው ነበር። እሱን ወሰዱት። እሷ ቃሏን ሰጥታ፣ ቪዛዋ ተራዝሞላት፣ ለጥቂት ቀናት ቆይታ አገሯ ገባች። በመጨረሻ ምን እንደፈረዱበት አልሰማሁም። ዛሬ ሰናይት ክፍል ገብታ ታስተምራለች፤ ልቧም ደህና ነው።

እዚህ ፌርፋክስ ግን ክፉው ሰው እኔ ሆኜ ቀረሁ። "ወገኑን ለሕንድ አሳልፎ የሰጠ" ተባልኩ። አንዲት ሴት በርበሬ ስገዛ አግኝታኝ "ምን ነበረበት በሽምግልና ቢያልቅ?" አለችኝ። ስለ ሻንጣው ታውቃለች። ስለ ሴትዮዋም ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል፤ ዝም አይነቅዝም ተብሎ ተቀምጧል። ነቀዘ እንጂ! ሸተተ እንጂ!

በዓመቱ ገደማ አንድ ለቅሶ ቤት ከጋሼ ታፈሰ ጋር ተገናኘን። ሰው መሀል እጃቸውን ዘረጉልኝ። "የሆነው ሆኗል፤ በለቅሶ ቤት ቂም የለም" አሉ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሰው አጉረመረመ። ዛሬም ቢሆን አልጨብጣቸውም።

ከደጅ ጋሼ መርሻ ቆመው አገኘኋቸው። ያ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣም ነበርና ጠየቅኳቸው። ሎንግ ቢች ድረስ ሄጄ የአክስቷን ልጅ ፈልጌያለሁ፤ ቤት ለቋል፣ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ፖሊሷ የጻፈችው "አንዲት ሴት" ብላ ብቻ ነው። ስሟ ቢታወቅ እኮ አንድ ሰው ሊፈልጋት ይችላል፤ ሻንጣው የእሷ እንዳልነበር የሚመሰክርላት መዝገብ ዴልሂ አለ።

"ጋሼ መርሻ፣ እባክዎ፣ የዚያች ሴትዮ ስም ማን ነበር?"

ጋሼ መርሻ ግንባራቸውን አሹ። የምር እያሰቡ ነው፤ ሊደብቁኝ አይደለም። ብዙ አሰቡ።

"ስሟስ ጠፋኝ" አሉኝ በመጨረሻ። "የዚያን ቀን ክትፎ ግን… እንዲያ ያለ ክትፎ ዳግመኛ አልበላሁም።"